ጋሼ አላውቅም

በሕይወት ሳሉ «አንተ» እላቸው ነበር። በዕድሜ ሃያ ሦስት ዓመት ይበልጡኛል። ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሆስፒታሉ ሁሉ አንቱ ይላቸዋል። እኔ ግን የላቦራቶሪው ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ቀን «አንተ፣ እስቲ መዝገቡን አምጣው» ብዬ ጀመርኩ፤ በዚያው ቀረሁ። እሳቸው «እሺ አለቃ፣ ይኸው» ብለው አመጡልኝ። አሁን በጽሑፍ አንቱ እያልኩ ነው። ለሞተ ሰው አንቱታ ምን ያደርግለታል ካላችሁ፣ ምንም። የሚያደርገው ለእኔ ነው፤ ለእኔም ቢሆን ብዙ አያደርግም።

ሥራቸው ደም መመርመር ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለነበር ከሥሩ ካርቶን አጥፈው ያስገቡበታል፤ ካርቶኑ ሲሟሽሽ በሌላ ይቀይሩታል። መሣሪያቸው ነጭ የሸክላ ሰሌዳ፣ የመስታወት ዘንግ፣ ጠብታ ማንጠባጠቢያ፣ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕና የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከመሣሪያዎቻቸው እንደሚቆጥሩት የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ደሙን ሰሌዳው ላይ ያንጠባጥባሉ፣ መድኃኒቱን ይጨምራሉ፣ በዘንጉ ያማስላሉ፣ ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ሰዓቱን ያያሉ። ሌላው ባለሙያ ሁለት ደቂቃ ሲጠብቅ እሳቸው አሥር ይጠብቃሉ።

«ጋሼ አላውቅም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ነርሶቹ ናቸው። ሌላው ሰው በውጤት ወረቀቱ ላይ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ሲፈርም፣ እሳቸው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ በቀይ እስክሪብቶ «አላውቅም» ብለው ይጽፋሉ። ከሥሩ «ነገ እንደገና ደም ይስጡ» ወይም «ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ይላክ» የሚል ይጨምሩበታል። በስሙ አልተቀየሙም። እንዲያውም ስልክ ሲያነሡ «ላቦራቶሪ፣ አላውቅም ነኝ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ማዶ ያለችው ነርስ «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ያቅርቡልኝ» ብትላቸው፣ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና «ለእርስዎ ነው አለቃ» አሉኝ።

ያቺን ቀይ ጽሑፍ መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አላውቅም ነው የሚለው።»

«ማንበብስ እችላለሁ። ሰው እኮ ወረፋ ጠብቆ፣ ክንዱን ተወግቶ የሚሄደው መልስ ፈልጎ ነው።»

«እሱም መልስ ነው አለቃ።»

«የተማረ ሰው አላውቅም ብሎ አይፈርምም።»

«አዎ፣ ያልተማረውማ ምን ቸገረው፤ ሁሉን ያውቃል» አሉ፣ ዐይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው እኔን ለማዋረድ ብለው እንዳልተናገሩት አሁን አውቃለሁ፤ ቀልድ በአፋቸው ላይ ይበቅል ነበር። እኔ ግን ያንን ሳቅ ቋጠርኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ለሳይንስ ብዬ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ለራሴ አስረድቻለሁ። ግማሹ ለዚያች ሳቅ ነበር።

የደም መመርመሪያው ማሽን የመጣው በዚያው ዓመት ነው። እኔ ነኝ ያስመጣሁት። ለሁለት ዓመት ተልኬ የተማርኩት በእሱ ላይ ነበር፤ ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ደጅ የጠናሁት፣ ግድግዳ አፍርሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሰዓት ስድሳ ሰው ይመረምራል የተባለ፣ ነጭ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፤ ኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል። የሰው የደም ዓይነት የሚታየው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ቀዩን ደም ወስዶ በታወቀ መድኃኒት መፈተን ነው፤ ከተጓጎለ ዓይነቱ ይታወቃል። ይህን የፊቱ ምርመራ እንለዋለን። ሁለተኛው የደሙን ውሃ ለይቶ በሌላ በታወቀ ደም መፈተን ነው፤ ይህ የኋላው ነው። ሁለቱ እንደ ሁለት ምስክር ናቸው፤ ቃላቸው መግጠም አለበት። ማሽኑ ሁለቱንም ይሠራል። ቃላቸው ካልገጠመለት ፊደል አይሰጥም፤ ቢጫ መብራት ያበራና ይቆማል። ሰው መጥቶ እንዲያየው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫው መብራት በየሰዓቱ በራ። አንዳንዱ ናሙናው በደንብ ስላልተቀዳ ነው፣ አንዳንዱ እኛ አሠራሩን ገና ስላልለመድነው። ወረፋው ከበፊቱ ረዘመ። ዳይሬክተሩ በመተላለፊያው ሲያልፉ «ፈጣን ነው ብለኸን አልነበረም እንዴ?» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ማታውን የይለፍ ቃሌን አስገብቼ የኋላውን ምርመራ አጠፋሁት። በማግሥቱ መብራቱ አልበራም። ወረፋው እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ጋሼ ማሽኑ አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር።

«የኋላውስ አለቃ?»

«የፊቱ ይበቃል። ከሺህ ሰው አንዱ ነው የሚለየው።»

«ያ አንዱ ሲመጣ ምን ብለን እንለየዋለን?»

«ሥራህን ሥራ።»

«ለነገሩ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» ብለው ወደ ሰሌዳቸው ተመለሱ። እንደ መንዘላዘል ቆጠርኩባቸው።

ሰዎች ሲጽፉ ሳይንስ ከሥነ ምግባር ቀድሞ ሮጠ ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ በጉባኤ ላይ እንዲህ ብዬ ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል። በእኔ ክፍል የሆነው ግን ይህ አልነበረም። ማሽኑ እንኳ «አልገባኝም፣ ቆዩ» ማለት ይችል ነበር፤ ያንን ጥበብ የሠሩት ሰዎች በመብራት መልክ አስቀምጠውለታል። ሳይንሱ ቆሞ ሲጠብቅ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ከላቦራቶሪው ማዶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ የሆስፒታሉ ልብስ ስፌት ክፍል አለ። ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ አንሶላ የምትጠግን፣ የኛንም ነጭ ጋውን የምትሰፋ ሴት ናት። መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ ይዛ ስለምታወራ ንግግሯ ሁልጊዜ ከጥርሷ መሃል ነው የሚወጣው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀመች እናቷ እግር ሥር የምትውል ልጅ።

ልጅቷ ጉሮሮዋ እያበጠ ያስቸግራት ስለነበር ቀዶ ጥገና ታዘዘላት። የእሷን ደም ያዩት ጋሼ ናቸው፤ ማሽኑ ገና ሳይተከል ነው። «ቢ» ብለው ጻፉ። መዝገቡ ላይ በትንሽ ፊደል «ዘግይታ የመጣች» የሚል ጨምረውበታል። ቀዶ ጥገናው ሲቃረብ እናትና አባት ምናልባት ደም ቢያስፈልግ ተብሎ ተመረመሩ። ያን ጊዜ ማሽኑ ሥራ ጀምሯል። እናትየው ኦ፣ አባትየው ኦ። እኔ ፈረምኩበት፤ ካርድ ተሰጣቸው። ልጅቷ ታከመች፤ ደምም አላስፈለጋትም። ሁሉም በሰላም ያለፈ መሰለ።

የሹፌሩ ወንድም የትምህርት ቤት መምህር ነው። የሦስቱን ካርዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠው እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። በሳምንቱ ወረፋው ከሁሉ የሚበዛው ሰኞ ነው። ሹፌሩ ወረፋውን አልፎ የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆመና ሦስቱን ካርዶች በመስታወቱ ሥር አስገባቸው። ቀጥሎ እሷ ስትሮጥ መጣች፤ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ» አለ፣ በዝግታ። «ኦና ኦ ቢ ይወልዳሉ ወይ?»

ከመስኮቱ ጎን በር አለ። «ግቡ» ብዬ ማስገባት እችል ነበር። «ቆዩ» ማለት እችል ነበር። ከኋላዬ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አለቃ፣ አባትየውን አንዴ በእጄ ልየው» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ።

«አይወልዱም» አልኩ።

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናላ» አለች እሷ።

«ማሽን አይሳሳትም እህቴ። የሚሳሳተው ሰው ነው።»

ይህን ስል ያሰብኩት እነጋሼን፣ በእጅ የሚሠሩትን ነው። ወረፋው ግን ሌላ ሰማ። አንድ ሰው «እሱስ እውነት ነው» ብሎ ሳቀ። ሌላው «ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው» አለ፤ እሱም እየሳቀ። ካፍ የወጣ ካፋፍ የወደቀ ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳ ማንም አልጠበቀኝም። እኔም አላስረዳሁም። ሹፌሩ ካርዶቹን ሰበሰበና ሄደ። እሷ ሜትሩን ካንገቷ አውጥታ በጣቷ ላይ ስትጠቀልል፣ ስትጠቀልል፣ እስከ ጫፉ ጠቅልላ ስትጨርስ አየኋት። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች።

በሦስተኛው ቀን እሷና ልጅዋ ታላቅ እህቷ ዘንድ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ገብተው ነበር። ሥራዋን አልተወችም። በሩን ግን ዘግታ መስፋት ጀመረች። የልብስ ማጠቢያው ሴቶች ልጅቷን «ቢዬ» እያሉ መጥራት ጀመሩ፤ ልጅቷ የፍቅር ስም መስሏት «አቤት» ትላለች።

ጋሼ ዝም አላሉም። ሹፌሩን መኪኖች በሚያድሩበት ግቢ ሄደው አገኙት። ኋላ እንደነገሩኝ ሰውየው ጎማ እየነፋ ነበር።

«ደሜን ስንት ጊዜ ነው የምትወስዱት?»

«አንድ ጊዜ ለማሽኑ ሰጥተሃል። ለእኔ ገና አልሰጠኸኝም።»

«ምን ይለውጣል?»

«አላውቅም። ቢለውጥማ ደስ ይለኝ ነበር።»

ክንዱን ሰጣቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሰሌዳውን ተሸክመው ቢሮዬ ድረስ አመጡልኝ። «በሁለት ደቂቃ ምንም የለም። በአምስት የለም። በአሥረኛው እዩዋት» አሉኝ። አየሁ። በቀዩ ፈሳሽ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ አሸዋ የሚያህሉ፣ አንድ ላይ ተሰብስበዋል። «የኋላውም ቢ ነው የሚለው። የልጅቷም እንዲሁ ነበረች፣ ዘግይታ ነው የመጣችው።»

አየሁ ብያለሁ፤ በደንብ አየሁ።

«ቆሻሻ ነው» አልኩ። «ሰሌዳህን እጠበው።»

ሰሌዳውን አላጠቡትም። ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው «አላውቅም፤ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ይላክ» ብለው ጻፉና እንድፈርም ሰጡኝ። አልፈርምም አልኳቸው። የዓመት ፈቃዳቸውን አንድ ቀን ወስደው፣ ናሙናውን በረዶ በሞላ የሻይ ፔርሙዝ ውስጥ ከትተው፣ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው ራሳቸው አደረሱት። ሲመለሱ «አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ከሻይህ ቅዳልኝ ሲል ጨቀጨቀኝ፤ ስስታም ሳይለኝ አልወረደም» ብለው ክፍሉን አሳቁት። እኔ ቢሮዬ ሆኜ ሰማሁ።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። የታሸገ፣ «ለላቦራቶሪው ኃላፊ» የሚል። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ በሬን ዘግቼ አነበብኩት። ሰውየው ቢ ነው፤ ደካማ የሆነ፣ አልፎ አልፎ የሚገኝ፣ በዘር የሚወረስ ዓይነት። በፊቱ ምርመራ ብቻ ኦ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ የኋላውን የሠራ ሁሉ ግን ይለየዋል። ከሥሩ «ጥንቃቄ ያደረገውን ባለሙያ እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት የሌለው ሰው የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከበላይ አካል ቡድን መጥቶ ማሽኑን ሊያይ፣ ለሌሎች ሆስፒታሎችም ይገዛ እንደሆነ ሊወስን ነበር። እነሱ እስኪሄዱ ድረስ ብቻ አልኩ። መጥተው ሄዱ፤ አደነቁ። ያን ዕለት መሳቢያውን ልከፍት ነበር። ነገር ግን አሁን ስህተቱን ብቻ ሳይሆን የዘገየሁበትንም ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ ነገ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያሳደርኳት እውነት ግን እያደረች የምትከብድ ሆነችብኝ፤ በማግሥቱ ከዛሬው ይልቅ ለማንሣት ታስቸግራለች።

ጋሼ በየጠዋቱ ጋውናቸውን እየቆለፉ «መልስ አልመጣም አለቃ?» ይሉኛል።

«አልመጣም።»

«ይዘገያሉ እነሱ» ብለው ወደ ሰሌዳቸው ይሄዳሉ።

አንድ ከሰዓት እሷ ራሷ መጣች። መስኮቱ ላይ ሳይሆን በሩን አንኳኩታ ነው የገባችው። ቆመች፤ ተቀመጪም አላልኳት።

«ጋሼ ደም ልከዋል ብለውኝ ነበር። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እነሱም ዘንድ ወረፋ አለ» አልኳት። መሳቢያው ከጉልበቴ በላይ ነበር።

«ልጄ አባቷን ስትጠይቀኝ መንገድ ሄዷል እላታለሁ። ሹፌር ስለሆነ ታምነኛለች። እስከ መቼ እንደምታምነኝ ነው ያላወቅሁት።»

«ሲመጣ እናሳውቅሻለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። በሩን ስትዘጋ እንኳ እንዳይጮኽ በእጇ ይዛ ነው።

ጋሼ የደረሱበት በስልክ ነው። ትልቁን ላቦራቶሪ ደውለው ሲጠይቁ፣ መልሱ እኛ ዘንድ ከደረሰ ሃያ ስድስት ቀን እንደሆነው፣ የተቀበለውም ሰው ፊርማ እንዳለ ነገሯቸው። ቢሮዬ ገቡ። በሩን ዘጉ። በሩን ዘግተው ያናገሩኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ልጄ» አሉኝ። አለቃም አላሉኝም፤ አንቱም አላሉኝም። «ልጄ፣ መሳቢያህን ክፈት።»

ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

«ተሳስተህ ቢሆን» አሉ፣ «እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ስሳሳት ነው የኖርኩት። ለስህተት መድኃኒት አለው፤ እንደገና ማየት ነው። ይሄ ግን ስህተት አይደለም። ስሙን አላውቀውም።» ወረቀቱን አጠፉት። «የሚገርመኝ ምን መሰለህ? ማሽኑ ያላየው ነገር እኮ ነው የሚያመሳስላቸው። አንዳንዱ አባትና ልጅ በአፍንጫ ይመሳሰላል። እነዚህ በመዘግየት ነው የሚመሳሰሉት።»

ለሹፌሩ ደብዳቤ እንጻፍለት አልኩ። «ደብዳቤ!» አሉና ጋውናቸውን አውልቀው ቆመው ጠበቁኝ። ከሥራ በኋላ አብረን ታላቅ እህቷ ቤት ሄድን። ሰፊዋ በሩን ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች። ልጅቷ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። ጋሼ መልሱን ነገሯት። አላለቀሰችም።

«ለእኔ ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ?» አለች። «እኔ ድሮም አውቃለሁ። ልጄን ከማን እንደወለድኩ ከእናንተ ወረቀት አልማርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ የተናገሩት እዚህ አይደለም። መስኮቱ ላይ ነው፤ ሰው ፊት። ሰኞ ጠዋት እዚያው ይናገሩልኝ።»

«ባለቤትሽን ለብቻው ብናነጋግረው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለብቻው አይደለም የነገሩት።»

ሰኞ መጣ። ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ነበር። ሹፌሩን ጋሼ ጠርተውታል፤ የመኪና ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሷ ልጅቷን ይዛ መስኮቱ ፊት ለፊት ቆመች። እኔ ከመስታወቱ ኋላ ነኝ። ጋሼ አዩኝና ቀድመው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ…»

«እርስዎ ይተዉት ጋሼ» አለች። «እርስዎ አልነበሩም።»

ተዉት፤ ከመስኮቱ ገለል አሉልኝ።

«ከጥቂት ጊዜ በፊት» አልኩ፣ «በአንድ የደም ምርመራ ውጤት ላይ ስህተት ተፈጥሯል።»

«ማን ፈጠረው?» አለች።

«ላቦራቶሪው…»

«ላቦራቶሪው እናት አባት የለውም እንዴ?» አለ ከወረፋው አንድ ሰው። ሰው ሳቀ፤ ያው የመስኮት ሳቅ ነው።

«ጮክ ይበሉ እንጂ» አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «መስታወቱ እየዋጠው አንሰማም።»

ቋንቋችን ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቸር ነው። ተፈጥሯል፣ ተከስቷል፣ ታይቷል፣ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ማንም ሳያደርገው ነገር ሁሉ ይሆናል። ብዙ ሪፖርት የጻፍኩት በነዚህ ቃላት ነው። ከእነሱ ውጭ ስለራሴ መናገር ከብዶኝ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በሩን ከፍቼ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ።

«ይህን ሰው ኦ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ኦ አይደለም። ቢ ነው። ልጅቷም ቢ ናት፤ የወረሰችው ከእሱ ነው። ማሽኑ የማያውቀውን አላውቅም እንዳይል መብራቱን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። እኚህ ሰውዬ እንደገና ልይ ሲሉኝ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እህቴ፣ በዚህ መስኮት ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ አባቷን አይታ «አባዬ፣ መንገዱ አለቀልህ?» አለችው። ሹፌሩ ተንበርክኮ አቀፋት፤ ፊቱን ከትከሻዋ አላነሣም። ወደ እናቷ እጁን ሲዘረጋ ግን እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ልጅህን ሳማት» አለችው። «እኔን ተወኝ። ካርድ አምኖ ያባረረኝ ሰው ካርድ አምኖ ቢመልሰኝ ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

ልጅቷን ለእሱ ትታ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። በሩን ክፍት አደረገችው።

ወረፋው ላይ የነበሩት ሁሉ «የኛስ ትክክል ነው ወይ?» ብለው ካርዳቸውን ማውጣት ጀመሩ። መጠየቃቸው ልክ ነበር። የኋላውን ምርመራ ዕለቱን መለስኩት፤ ባጠፋሁባቸው ወራት የተመረመረውንም ሰው ሁሉ እየጠራን እንደገና አየን። ማሽኑ ያቆመውን ጋሼ በሰሌዳቸው ላይ ያዩታል፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ተማርኩ። ቀላል ነገር ይመስላል። በሦስተኛው ደቂቃ እጅ ይበላል፤ በስድስተኛው ሰው ራሱን ማየት ይጀምራል። ሌሎች ሁለት ሰዎች የተሳሳተ ካርድ ይዘው አገኘናቸው፤ ለውጠን ሰጠናቸው።

ሹፌሩ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር የሰፊዋ ታላቅ እህት ደጅ እየቆመ ከረመ። ከስምንት ወር በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጋሼ ደግሞ ሦስት ዓመት ሠርተው በጡረታ ወጡ፤ ከጡረታ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ከዚያች የመሳቢያ ቀን በኋላ «አለቃ» ብለው አልጠሩኝም። «ልጄ» ነው ያሉኝ፤ እስከ መጨረሻው። ቁጣ ይሁን ምሕረት ጠይቄያቸው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው። ያን ሰኞ የተናገርኩት ሙሉው አልነበረም። መልሱን ሃያ ስድስት ቀን መደበቄን አልተናገርኩም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ስጨርስ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ዐይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ለማንም አልተናገሩም። ሰፊዋ ኋላ አንድ ቀን ጋውኔን ጠግና ስትሰጠኝ «ትልቁ ላቦራቶሪ ቢዘገይም እውነቱን ነው የነገረን» አለችኝ። እሳቸውም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሰሌዳቸውን ያብሱ ነበር፤ የደረቀውን ሰሌዳ ደግመው አበሱት። እኔ «አዎ» አልኳት።

ትልቁ ላቦራቶሪ አልዘገየም። በአሥራ አንደኛው ቀን መልሷል።

ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ታነባለች ብዬ አስባለሁ። ልጄ፣ እናትሽ አባትሽ መንገድ ሄዷል ስትልሽ የቆጠርሻቸው ቀኖች ነበሩ። ሁሉም የአባትሽ ጥፋት አይደሉም። ሃያ ስድስቱ የእኔ ናቸው።